ሰባትና ሁለት ይዤ ኦል ኢን ያልኩበት እሑድ

ዛሬ ያደረግኩትን ስትሰሙ ግማሾቻችሁ ከዚህ ገጽ ትወጣላችሁ። አልቀየማችሁም። እኔም ከራሴ መውጣት ብችል ዛሬ እወጣ ነበር።

እንደምታውቁት እሑድ እሑድ እዚህ የምጽፈው ምክር ነው። ዘጠኝ ሰው ለሚቀመጥባቸው ትንንሽ የኦንላይን ፖከር ውድድሮች፣ ለጀማሪዎች። ገንዘብ የለበትም፤ መግቢያው ነፃ ነው፣ ሽልማቱም ነጥብ ነው። የዛሬው ርዕስ «ሁለት ሰው ብቻ ሲቀር እንዴት እንጫወት» የሚል ነበር። ትናንት ጽፌ ጨርሼዋለሁ።

ዛሬ አጠፋሁት።

በእሱ ፋንታ፣ ሁለት ሰው ብቻ ሲቀር እኔ ራሴ ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ። ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ይሻላል። ሰፈራችን እንደሆነ ወሬ አያድርም።

አዲስ ለመጣችሁ፦ ስሜ ብርሃኔ ነው፣ ስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የምኖረው ዓለም ገና ነው፣ ከጅማ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ። ሰበታ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ የስልክ ኦፕሬተር ሆኜ ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። ጉልበቴን ታምሜ ሦስት ወር አልጋ ላይ ስውል የእህቴ ልጅ ይህን ጨዋታ ስልኬ ላይ ጫነችልኝ። «አክስቴ፣ ጊዜ ይገፋልሻል» አለች። ጉልበቴ ተሻለው። ጨዋታው ግን አልተወኝም።

ኮሜንት ላይ «አሮጊት ቁማርተኛ» ብላችሁ የጻፋችሁትን አይቻለሁ። አሮጊት የሚለው ልክ ነው።

ኦፕሬተር መሆኔ በጣም ጠቅሞኛል። ስልክ ላይ ፊት አይታይም። ሰው ከመመለሱ በፊት ምን ያህል እንደዘገየ ግን ይሰማል። አለቃው «የሉም በላቸው» ሊለኝ ሲል አንድ ትንፋሽ ያህል ይቆያል፤ በእውነት ከሌለ ጸሐፊዋ ወዲያው ትናገራለች። ኦንላይን ፖከርም እንዲሁ ነው። ሰው ሳያስብ የሚጥለው ካርድ አለ፣ አስቦ የሚጥለው አለ። እኔ የምጫወተው ካርዱን ሳይሆን መዘግየቱን ነው።

ይህን ያስተማርኩት አንድ ሰው ብቻ ነው። የዛሬው ጉድም የመጣው ከእሳቸው ጋር ነው።

ኦቦ ቶሎሳ ጎረቤቴ ናቸው። አጥራችን አንድ ነው። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ዛሬ ቪላ በተደረደረበት መሬት ላይ ድሮ ጤፍ ያርሱ ነበር። በሬ ሊገዛ የፈለገ ሰው ከመናገሻ ድረስ መጥቶ ያማክራቸው ነበር። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ጓደኛዬ ነበረች። አምና ጥቅምት ላይ ሞተች።

ለቅሶው ሲያበቃ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሄደ። እሳቸው በረንዳቸው ላይ ቀሩ። ጠዋት በተቀመጡበት ወንበር ላይ ማታም አያቸዋለሁ። ምግብ ስልክላቸው ሳህኑ እንደሄደ ይመለሳል።

እኔ ማጽናናት አልችልም። ቃሉ አይመጣልኝም። ሌሎች ሴቶች እንዴት እንደሚያደርጉት አይቻለሁ፤ እጅ ይይዛሉ፣ «አይዞዎት» ይላሉ፣ አብረው ያለቅሳሉ። እኔ አጠገባቸው ስቀመጥ የማወራው ስለ ውሃ መጥፋት ነው።

ስለዚህ ፖከር አስተማርኳቸው!

አትሳቁ። ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረም።

የመጀመሪያው ትምህርት መጣል ነው፤ ካርዱ ካላማረ ዙሩን መተው። በውድድሩ መጀመሪያ ላይ ቺፕ፣ ማለት የምንወራረድበት ጠጠር፣ ለሁሉም እኩል ነው፣ የሚቸኮልበት ምክንያት የለም። ጀማሪ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው፤ የተሰጠውን ካርድ ሁሉ ካልተጫወትኩ ይላል። ይህን ስነግራቸው ኦቦ ቶሎሳ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«ታዲያ ምን ልሠራ ነው የተቀመጥኩት?»

«ሊጥሉ።»

«ሁሉንም?»

«ከአሥሩ ስምንቱን።»

«ይሄማ ጨዋታ አይደለም፣ ጾም ነው» አሉ።

ከወራት በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ቀልዳቸው ነበር። ቤቴ ገብቼ ትንሽ ተቀመጥኩ።

ሁለተኛው ትምህርት ብላይንድ ነው። በየዙሩ ሁለት ሰዎች ካርዳቸውን ሳያዩ ቺፕ በግድ ያስቀምጣሉ፤ አንዱ ትንሽ፣ ሌላው ትልቅ። በየጥቂት ደቂቃው ይጨምራል። ዝም ብላችሁ ብትቀመጡም ይበላችኋል። እሳቸው «ገባኝ፣ የቤት ኪራይ ነው» አሉ፤ ከዚያ ወዲህ በቤታቸው ሌላ ስም አልነበረውም። «ኪራይ ጨመረ» ይሉኛል በአጥሩ ላይ።

እንግዲህ ያላችሁ ቺፕ ከትልቁ ብላይንድ አሥር እጥፍ በታች ከወረደ ሁለት ምርጫ ብቻ አላችሁ። ወይ መጣል፣ ወይ ያላችሁን ሁሉ በአንድ ጊዜ መግፋት፣ ኦል ኢን። መሃል ላይ መንገድ የለም። ከአሥር እጥፍ በላይ ካላችሁ ግን ጊዜ አላችሁ፣ ጥሩ ካርድ መጠበቅ ትችላላችሁ።

በየዙሩ ለአንድ ሰው ሁለት ካርድ ይሰጣል፤ ከሁሉ መጨረሻው ደግሞ ሰባትና ሁለት ነው፤ መልካቸውም ከተለያየ ጭራሽ። ቁጥራቸው ትንሽ፣ አይከታተሉ፣ አይመሳሰሉ። ኦቦ ቶሎሳ «አማትና ምራት» ብለው ስም አወጡላቸው። «አንድ ቤት ውስጥ አይሠሩም፣ ወዲያው ማስወጣት ነው።»

ሦስተኛው ትምህርት ይህ ነበር፦ ቴብል ላይ ጎረቤት የለም። እኛ የምንጫወተው አንዳችን ቴብል ከፍተን ሌላውን እየጋበዝን ነው፤ የቀሩትን ሰባት ወንበሮች የማናውቃቸው ሰዎች ይሞሏቸዋል። የሚተዋወቁ ሁለት ሰዎች ቢረዳዱ ሌሎቹን ማጭበርበር ነው። አካውንትም ያዘጋል። ስለዚህ ካገኘሁዎት እበላዎታለሁ፣ ካገኙኝ ይብሉኝ አልኳቸው።

ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው። ለምን እንደሆነም ነገሩኝ። አዴ ጫልቱ ከሞተች ወዲህ ሰው ሁሉ እየለቀቀላቸው ሰልችቷቸዋል። ታክሲ ውስጥ ወንበር ይለቁላቸዋል፣ እድር ላይ ሲናገሩ የሚከራከራቸው የለም፣ ትንሽ ቢሳሳቱ እንኳ «ልክ ነው ኦቦ» ይሏቸዋል። አንድ ሰው ሳያዝንላቸው ቢበላቸው እንደሚወዱ ተናገሩ።

እኔም በላኋቸው። በሳምንት ሦስት ጊዜ በላኋቸው። ይሳደባሉ፣ ይስቃሉ፣ ሳህኑም ባዶውን መመለስ ጀመረ። ከቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ ያላት ዘይነባ ሁለታችንንም ስታይ «ኧረ እናንተ ቁማርተኞች፣ አንድ ቀን እንኳ እኔ ሱቅ ላይ ኦል ኢን በሉ፤ ሁልጊዜ ሩብ ኪሎ ስኳር!» ትላለች።

ችግሩ የመጣው በልጃቸው በኩል ነው።

ልጃቸው ሌንሳ ሱሉልታ ነው ያገባችው። ደግ ልጅ ናት፣ አባቷን ትወዳለች። ግን ትፈራለች። ክረምት ሊገባ ሲል ኦቦ ቶሎሳ ቡታጋዙን ለኩሰው ገበያ ወጡ፤ በአጋጣሚ እሷ ስትመጣ ድስቱ ከሰል ሆኖ ደረሰች። ከዚያ ደግሞ ከታክሲ ወርደው ቤታቸው ጠፋባቸው። ፉሪ ድረስ ሄደው በባጃጅ ተመለሱ። እውነቱን ለመናገር ቤቱ ለእኔም ይጠፋብኛል፤ እኛ ሰፈር ሰው ቤተ ክርስቲያን ደርሶ እስኪመለስ ፎቅ ይበቅላል። ሌንሳ ግን ወሰነች። አባዬ ጭንቅላቱ ደክሟል፣ ብቻውን መኖር አይችልም፣ እወስደዋለሁ አለች።

እሳቸው አይሆንም አሉ። «የሱሉልታ ብርድ ለበሬ እንጂ ለሰው አይሆንም።» ሌንሳ አልሳቀችም።

ባለፈው እሑድ ሲከራከሩ ኦቦ ቶሎሳ ስልካቸውን አንስተው አሳዩአት። ጭንቅላቱ የደከመ ሰው ይህን መጫወት አይችልም አሉ። የሚመጣው እሑድ መጥታ አጠገባቸው እንድትቀመጥ፣ ከዘጠኝ ሰው አንደኛ ከወጡ እዚሁ እንዲኖሩ፣ ካልወጡ ሳያጉረመርሙ እንዲሄዱ ተስማሙ። እሷ የተስማማችው ከድካም ይመስለኛል።

እኔ በማግስቱ ጥሩ ውል አይደለም አልኳቸው። ዘጠኝ ሰው ባለበት ቴብል ጎበዝ ሰው እንኳ አብዛኛውን ጊዜ አንደኛ አይወጣም። ካርድ ካልመጣ አልመጣም።

«አንዳንዴ ይወጣል ብለሽኝ የለ?» አሉ።

«አንዳንዴ።»

«እሱ አንዳንዴ እሑድ ይሆናላ።»

እንግዲህ እኔስ ምን አስጨነቀኝ? ጠዋት ስነሳ በአጥሩ ላይ «አካም ቡልቴ» የሚለኝ፣ እንዴት አደርሽ ብሎ የሚጠይቀኝ ሌላ ሰው የለም። ይህን እዚህ ላይ ልተወው።

ዛሬ ከቅዳሴ መልስ እሳቸው በረንዳ ላይ ተሰበሰብን። ሌንሳ ዳቦ ይዛ መጥታለች። ኦቦ ቶሎሳ ኮታቸውን ለብሰዋል። ለስልክ ጨዋታ ኮት! እኔ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ፣ ሌንሳ ከጀርባቸው በርጩማ ላይ።

በሩ አጠገብ ባዶ ሻንጣ ቆሟል። አዲስ ነው፣ ዋጋው የተጻፈበት ወረቀት እንኳ አልተነሳለትም።

አላየሁትም ብዬ ተቀመጥኩ።

እሳቸው ቴብሉን ከፈቱ፣ እኔን ጋበዙኝ፣ ሰባት የማናውቃቸው ሰዎች ገቡ። አንዱ ራሱን «አንበሳው» ብሎ ሰይሟል። አንበሳው በሦስተኛው ዙር ያለውን ሁሉ ገፍቶ ወጣ። ምክሬን ባያነብ ነው።

ኦቦ ቶሎሳ ይጥላሉ። አሁንም ይጥላሉ። ሌንሳ አንገቷን አስግጋ ታያለች፣ ምንም የለም።

«አባዬ፣ ለምንድነው የማትጫወተው?»

«እየተጫወትኩ ነው።»

«ዝም ብለህ እኮ ነው የተቀመጥከው።»

«አዎ። እሱ ነው ጨዋታው።»

ሰዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። አምስት ቀረን፣ አራት ቀረን። ሽልማት ያለው እስከ ሦስተኛ ነው፤ ስለዚህ አራት ሰው ሲቀር ሁሉም ይፈራል፣ ማንም አራተኛ መውጣት አይፈልግም። ኦቦ ቶሎሳ በዚያን ሰዓት ቺፓቸው ከአሥር እጥፍ በታች ወርዷል። እኔ ያስተማርኩት ለዚህ ሰዓት ነበር፤ ሰው ሲፈራ ግፉ። ገፉ። ሦስታችንም ጣልን። በሚቀጥለው ዙር እንደገና ገፉ። ጣልን።

እስከዚህ ድረስ አልረዳኋቸውም። እምላለሁ። እንዲያውም መጀመሪያ አካባቢ ሁለት ዘጠኝ ይዤ ሩብ ቺፓቸውን ወስጄባቸዋለሁ፣ በልጃቸው ፊት።

አራተኛው ወጣ። ሦስተኛውን ራሳቸው ኦቦ ቶሎሳ አስወጡት። እንዴት ያለ ጨዋታ ነበር መሰላችሁ፤ ደካማ መስለው ሁለት ጊዜ ዝም አሉ፣ ሰውዬው እስኪጠግብ ጠበቁ፣ በመጨረሻ ያዙት። በሬ ሲገዙም እንዲህ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ቀረን እኔና እሳቸው።

ሌንሳ በርጩማውን ወደ እኔ አስጠጋች። ጆሮዬ አጠገብ ቀስ ብላ «እትዬ ብርሃኔ፣ አባዬ ያሸንፋል?» አለችኝ። ድምፅዋን አውቀዋለሁ። በስልክ ከሆስፒታል የሚደውሉ ሰዎች እንዲህ ያለ ድምፅ ነበራቸው። ሻንጣው እንዲሞላ ትፈልግ ይሁን ባዶውን እንዲመለስ አልገባኝም። ለእሷም የገባት አልመሰለኝም።

ቺፕ ሲቆጠር እሳቸው ከእኔ ጥቂት ይበልጡ ነበር። እኔ የትልቁን ብላይንድ አሥራ ስምንት እጥፍ አለኝ። ብዙ ነው፣ የሚያስቸኩል ነገር የለም።

ካርድ ተሰጠ። ኦቦ ቶሎሳ ውርርዱን ከፍ አደረጉ፤ ሳይዘገዩ፣ ልክ ጥሩ ካርድ ሲመጣላቸው እንደሚያደርጉት። እንደዚያ ሲያደርጉ እኔ ሁልጊዜ እጥላለሁ።

ስልኬን አየሁ።

ሰባትና ሁለት።

ሰዓት ቆጣሪው መሮጥ ጀመረ። ሻንጣውን አየሁ። ሌንሳን አየሁ። ከዚያ አጥሩን አየሁ። አሁን ብጥል ሌላ ዙር ይመጣል፣ በዚያኛው ዙር ለእኔ ጥሩ ካርድ ቢመጣስ? ሳላስበው ባሸንፋቸውስ? በገዛ እጄ ሱሉልታ ልልካቸው ነው። እንዲህ እያልኩ ሰዓቱ ሊያልቅ ሆነ።

ተጫንኩት። ኦል ኢን።

እሳቸው ወዲያው ተቀበሉ። ሁለት ሰው እንዲህ ሲገጥም ስልኩ የሁለቱንም ካርድ ገልጦ ያሳያል። የእሳቸው ሁለት ጄ። የእኔ አማትና ምራት።



አሁን የሚሆነውን ስሙኝ። መሃል ላይ ለሁለታችንም ከሚቆጠሩት አምስት ካርዶች የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ወጡ። ሰባት። ሁለት። አንድ ኬ።

እየመራሁ ነው! በዓለም ላይ ከሁሉ በባሰው ካርድ ሁለት ጥንድ ሠርቼ እየመራሁ ነው! አማትና ምራት በአንድ ቀን ታረቁ። ስልሳ ዘጠኝ ዓመት ስኖር ለመሸነፍ ስጸልይ የመጀመሪያዬ ነው፤ ያውም ከቅዳሴ መልስ።

አራተኛው ካርድ፣ አራት ቁጥር። አልጠቀማቸውም።

አምስተኛው፣ ጄ። ሦስት ጄ ሆነላቸው፤ ሦስት አንድ ዓይነት ሁለት ጥንድን ይበላል።

አሸነፉ። ስልኩ ባለቀለም ወረቀት በተነ፣ ዋንጫ አወጣ። ሌንሳ ብድግ ብላ የአባቷን ራስ ሳመች። ሳቀችም አለቀሰችም። እኔም «እንኳን ደስ አለዎት» አልኩ። ድምፄ ጥሩ የወጣ መስሎኝ ነበር።

ኦቦ ቶሎሳ ዓይናቸውን ከስልኩ አላነሱም።

«ስንት ነበረሽ?» አሉ።

«ምን?»

«ቺፕ።»

«አላየሁትም። ትንሽ ነው።»

«የኪራዩን አሥራ ስምንት እጥፍ ነበረሽ። ቆጥሬዋለሁ። እኔ ከፍ አድርጌያለሁ። አንቺ የያዝሽው ሰባትና ሁለት ነው።»

ሌንሳ «አባዬ፣ አሸንፈሃል እኮ» አለች። እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኟት።

«ሰባትና ሁለት ሲመጣልሽ አስበሽ አታውቂም፤ እንደ ትኩስ ድንች ነው የምትጥይው። ዛሬ ሰዓቱ ሊያልቅ እስኪል ድረስ አሰብሽ። ምንድነው ያሰብሽው?»

«እጄ ተሳስቶ ነው» አልኩ።

ግን ከማለቴ በፊት አንድ ትንፋሽ ዘገየሁ።

ራሴን ሰማሁት። እሳቸውም ሰሙኝ። እንዲህ አድርገው እንዲሰሙ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።

ሌንሳ ምን እንደሆነ ስላልገባት ኦቦ ቶሎሳ ወደ እሷ ዞረው አስረዷት። ከመጀመሪያው ዙር ጀምረው። ማን ምን ይዞ እንደነበር፣ ማን በስንተኛው ዙር እንደወጣ፣ እኔ መቼ ሩብ ቺፓቸውን እንደወሰድኩ፣ መቼ እንደጣልኩ፣ በእያንዳንዱ ላይ ምን ያህል እንደቆየሁ። አንድ አልሳቱም። እኔ ራሴ የረሳሁት ነበረ። ሌንሳ አፏን ከፍታ ሰማቻቸው። ሲጨርሱ ፊቷ ተለውጦ ነበር፤ ፍርሃቱ ወጥቶላታል።

«አባዬ» አለች፣ «ጭንቅላትህ ከእኔ ይሻላል። በቃ፣ እዚሁ ሁን። ሁለተኛ አልጠይቅህም።»

«ጭንቅላቴማ ደህና ነው» አሉ። «ባይገባኝ ኖሮ ደስ ብሎኝ እዚሁ እኖር ነበር።»

ከዚያ ተነሡ። ሻንጣውን ከበሩ ላይ አንስተው ወደ ውስጥ ገቡ። በመስኮቱ ቁም ሣጥኑ ሲከፈት ሰማሁ።

ሌንሳ ተከትላቸው ገብታ ለመነቻቸው። በኦሮምኛ ስለነበር ግማሹ አልገባኝም፣ ግማሹ ግን ገባኝ። ልጅ ብታዝንልኝ ልጅ ናት፣ መብቷ ነው ሲሉ ሰማሁ። ከሰው ሁሉ አንድ የማያዝንልኝ ሰው አለኝ ብዬ ነበር አሉ። እኔ ዳቦው ፊት ተቀምጬ ነበር።

ሲወጡ አዩኝ። ያልሄድኩ ገርሟቸዋል መሰለኝ።

«ወይዘሮ ብርሃኔ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። «ደክሞዎታል፣ ይግቡ።»

አሥራ ስምንት ዓመት «አንቺ» ሲሉኝ የኖሩ ሰው ናቸው።

ገባሁ።

ከሰዓት በኋላ ሚኒባስ መጣ። ፍራሹን ጣሪያው ላይ ጫኑት። ደጃፌ ላይ ቆሜ አየሁ፤ ላግዝ ብል የሚያነሳ ጉልበት የለኝም፣ ብሰናበት ቃሉ የለኝም። ኦቦ ቶሎሳ ቤቱን ቆለፉ። በዚህ ሰፈር ሰው ራቅ ብሎ ሲሄድ ቁልፉን አጥር ለሚጋራው ጎረቤት ይተዋል። አምቦ ለሠርግ ሲሄዱም፣ አዴ ጫልቱ ሆስፒታል በተኛች ጊዜም ቁልፉ የሚያድረው እኔ ቤት ነበር። ለመቀበል እጄን ከነጠላዬ አወጣሁ።

በፊቴ አልፈው መንገዱን ተሻገሩ። ቁልፉን ለዘይነባ ሰጧት።

ዘይነባ ደነገጠች። «ኦቦ፣ እትዬ ብርሃኔ እዚያ ቆመዋል እኮ» ስትል ሰማሁ።

«አይቻቸዋለሁ» አሉ።

ተመልሰው ግን ጨበጡኝ፣ ጨዋ ሰው ናቸው። ደህና ይሁኑ ተባባልን። ሚኒባሱ ወደ አስፋልቱ ወጣ። ዘይነባ ሱቋን ጥላ ቁልፉን ይዛ መጣች፣ «እትዬ፣ ይውሰዱት፣ እኔ ላይ ይከብደኛል» አለችኝ። ለአንቺ ነው የሰጡሽ አልኳት። «ምን አድርገዋቸው ነው?» አለች። እንዲያሸንፉ ረዳኋቸው አልኳት። «ታዲያ ምን ያስቀይማል?» ብላ ሄደች።

እናንተም እንዲህ የምትሉ ትኖራላችሁ። ኮሜንት ላይ «ደግ ስላደረግሽ ነው እማማ» ብላችሁ ልብ ታስቀምጡልኛላችሁ። አታስቀምጡ።

ምክንያቱም ቤቴ ከገባሁ በኋላ ስልኬን ከፍቼ ጨዋታውን ከመጀመሪያው እንደገና አየሁት። ይህ አፕ ያለፈውን ጨዋታ ያስቀምጣል። ሁለት ጊዜ አየሁት፣ እንደ ማላውቃቸው ሰዎች አድርጌ።

ኦቦ ቶሎሳ ቺፓቸው ከእኔ ይበልጥ ነበር። ከእኔ የተሻለ ይጫወቱ ነበር። ከአራት ሰው ጀምሮ አንድ ስህተት የላቸውም፤ እኔ ሦስት አለኝ። በዚያ ዙር ሰባትና ሁለቴን እንደ ወትሮዬ ጥዬ ብጫወት ኖሮ፣ ካርድ ካልጠላቸው በቀር፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ያለ ማንም እርዳታ ይበሉኝ ነበር። በልጃቸው ፊት፣ ኮታቸውን እንደለበሱ።

እያሸነፉ ነበር። እኔ ግን ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ ብቻ ነበር የሚታየኝ። ከሚያዝኑላቸው ሰዎች ሁሉ የባስኩት እኔ ሆንኩ፤ ሌሎቹ የለቀቁላቸው ወንበር ነው።

ስለዚህ ለጀማሪዎች የዛሬው ምክር አጭር ነው። እያሸነፈ ያለን ሰው አትርዱ።

አካውንቴ ገና አልተዘጋም። ያጭበረበርኩትን ለአፕ ባለቤቶች ራሴ ጽፌ ልኬያለሁ፤ በአማርኛ ስለሆነ የሚያነበው ሰው ያገኙ እንደሆነ እንጃ። ለኦቦ ቶሎሳ ግን ምንም አልጻፍኩም። አምስት ጊዜ ጀምሬ አጠፋሁት። እንዲህ ያለ ነገር ቤት ድረስ ሄዶ፣ ተቀምጦ፣ በአፍ የሚባል ነው።

ከዓለም ገና ሱሉልታ አዲስ አበባን አቋርጦ ስንት ታክሲ እንደሚያዝ የምታውቁ ጻፉልኝ፤ ደረጃ ያለበት ቦታ ካለም ንገሩኝ፣ ጉልበቴን አደራ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቃችሁ። የታመመ ሲጠየቅ፣ የወለደች ስትጠየቅ ምን ተይዞ እንደሚኬድ አውቃለሁ። ሰው ቤት ገብቶ «ይቅርታ፣ እኔ ባልለቅልዎትም ያሸንፉኝ ነበር» ለማለት ግን ምን ተይዞ ነው የሚኬደው?

ብርቱካን ይሆናል?